ዘጠኝ ሻይ ያቀዘቀዘው ጨዋታ

ሰው ሁሉ የሚመካበት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ በልጁ፣ አንዱ በእርሻው፣ አንዱ በድምፁ ይመካል። ዳኛው የሚመካው በቀዘቀዘ ሻይ ነበር።

ዳኛው ሲባል የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ ያላገባ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጌም ቤት ያለው ሰው ነው። የወጣለትን ስም ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው። ጌም ቤቱ ከአውቶቡሶቹ መዞሪያ ፊት ለፊት ነው። ከአንድ ወገን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከሌላው ወገን የእህቱ ሻይ ቤት ያዋስነዋል። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ወንበር፣ ግማሾቹ በፕላስተር የታሰሩ ስምንት ጆይስቲክ፣ ሲሽከረከር የሚያቃስት አንድ ማራገቢያ አለው። ደንበኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፦ ከፈረቃ የሚወጡ የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች፣ ከምሳ ሰዓታቸው ሃያ ደቂቃ የሚሰርቁ የባንክ ጸሐፊዎች። ትልቅ ሰው ጌም ሲጫወት መታየት ያሳፍረዋል። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ የተሰቀለው ለዚህ ነው።

ዳኛው የተባለው እንዲህ ነው። አዲስ ጨዋታ ሲመጣ፣ ማንም ከመንካቱ በፊት፣ መጋረጃውን ዘግቶ ብቻውን ሦስት ቀን ይጫወተዋል። በጌም ቤቱና በሻይ ቤቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ሰሃን የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት አለች። እህቱ ጧት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ በዚያች መስኮት ትኩስ ሻይ ታስቀምጣለች። ከጠጣው ባዶውን ብርጭቆ ትወስዳለች። ሳይጠጣው ከቀዘቀዘ ያ ብርጭቆ ይቆጠራል። ሻዩን ያስረሳ ጨዋታ፣ ጨዋታ ነው፤ ሻይ እያስጠጣ የሚያጫውት፣ ጊዜ ማጥፊያ ነው። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ እህቱ ቁጥሩን በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ትጽፋለች። እሱ መቁጠር አይፈቀድለትም፣ እሷም ወደ ስክሪኑ ማየት አይፈቀድላትም።

ይህ ሕግ የተጀመረው በጠብ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት እህቱ «ያፈላሁትን ሻይ ንቀህ አስቀዘቀዝከው!» ብላ ስትጮህበት፣ «እኔ አይደለሁም፣ ጨዋታው ነው» አላት። ደጅ የቆሙ ሰዎች ሰምተው ሳቁ፣ ከዚያም «ሻይ ያስረሳው የትኛው ነው?» ብለው ያንኑ ጨዋታ ፈልገው ገቡ። በዚያው ቀረ። አንድ ሻይ ያገኘ ጨዋታ ደህና ነው፣ ሁለት ጥሩ ነው፣ ሦስት ካገኘ ወንበር አይገኝም። ከሁሉ የበለጠው ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ቤት ጠባቂ ጨዋታ ነበር፤ አምስት አግኝቷል፤ እስከ ዛሬ ስሙ «አምስት ሻይ» ነው። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። ይበል። ጨዋታን ኮከብ ደርድረው ከሚመዝኑት ይሻላል፤ ሻይ ጉቦ አይበላም።

ወደ ጨዋታው እንምጣ። ሊወጣ ነው የተባለው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ወጣ፦ ዝናብ የሚዘንብበት ትልቅ ከተማ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ፖስተኛ፣ አድራሻቸው የጠፋ ደብዳቤዎች። የከተማው በር ሁሉ ይከፈታል ተባለ። የከተማው ሰው ሁሉ የራሱ ሐሳብ አለው፣ ዛሬ የነገርከውን የዛሬ ወር ያስታውስሃል ተባለ። ከዚያ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። በተራዘመ ቁጥር የሚወራለት ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ የአውቶቡሶቹ ጀርባ ሳይቀር የፖስተኛው ሥዕል ተለጠፈበት። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ሥዕሉን እያባዛች ለዳቦ ፋብሪካ ሠራተኞች ስትሰጥ ከረመች። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት ከአያቱ ያልሰማ የለም፤ ለዚህ ጨዋታ ግን ሁሉም ረሳው።

«እርግዝናው» ብለው ስም ያወጡለት የዳኛው አባት ናቸው። አባትየው አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነው የሠሩ፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ የሚያርሙ ሽማግሌ ነበሩ። ከጌም ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኙ ያስታመማቸው ዳኛው ነው። ገላቸውን ያጥባል፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ያገላብጣቸዋል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይሰጣል። የሚያነብላቸው ጋዜጣ ሲያልቅበት ስለ ጨዋታው የተጻፈውን ያነብላቸዋል።

«ዛሬም አልወለደችም?» ይላሉ።

«ተራዘመ፣ አባባ።»

«ስድስት ዓመት ያረገዘች ሴት የምትወልደው ልጅ አይደለም፣ ጎረምሳ ነው» ይሉና በራሳቸው ቀልድ ሳል እስኪይዛቸው ይስቃሉ። ማስታወቂያው ላይ የፊደል ስሕተት ካገኙ ደግሞ ያን ቀን ምግብ ይበላላቸዋል።

ከሞቱ አሥር ወር ሆናቸው። ዳኛው አላለቀሰም። በቀብሩ ዕለት ያቀፈው ሁሉ «በርታ» አለው፣ እሱም በረታ። «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው» ተባለለት። ነገሩ ግን ጥንካሬ አልነበረም። እንባውን እንደ አውቶቡስ ቆሞ ጠበቀው፣ አልመጣም፣ ቆይቶ መጠበቁንም ተወው። ከዚያ የምግቡ ጣዕም ጠፋ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ፣ ቀጥሎም ቁጣው። ድሮ ጆይስቲክ የጣለ ሰው የዳኛውን ምላስ ፈርቶ ሳምንት አይመለስም ነበር፤ አሁን ለሁለት ቢሰብሩትም «ግድ የለም» ይላል። ጧት ይነሣል፣ ይከፍታል፣ ወንበሮቹን ይወለውላል፣ ይዘጋል። በእነዚህ ወራት የመጡትን ጨዋታዎች «አሁን አልችልም» ብሎ አሳለፋቸው። ሰዉም ሐዘን ላይ ነው ብሎ ተወው።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። ለራሱ ቀጠሮ ሰጥቶት ነበር። ይህ ጨዋታ ሲመጣ ይሰማኛል ብሎ ነበር። ደስታም ቢሆን፣ ንዴትም ቢሆን፣ አባባ ሳያዩት ቀሩ ብሎ ማልቀስም ቢሆን፣ ብቻ የሆነ ነገር። ካልሆነ ምን እንደሚያደርግ አላሰበበትም። ማሰብም ደክሞት ነበር።

ጨዋታው ማክሰኞ ጧት ደረሰ። መጋረጃውን ሳይዘጋ የደረሰበት ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ የሃያ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ ሰው ነው። የዓመት ፈቃዱን የሚወስደው ሰሌዳው ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ለተጻፈለት ጨዋታ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ እሱ ወንበር ቁጥር ሁለት ላይ ይሄዳል።

«ስማኝ፣ ዳኛው» አለና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ፎርሙ ይኸው። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ካላስገባሁ የዘንድሮው ፈቃዴ ይቃጠላል ብለውኛል። አሥራ አራት ቀን ነው። ልፈርም ወይስ አልፈርም?»

«ሐሙስ ይታወቃል፣ ጋሼ።»

«አንተ ፈርም ካልከኝ እፈርማለሁ።»

«የሚለው ሻዩ ነው።»

«ያው ነው» አለ ሹፌሩና ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተው።

ዳኛው መጋረጃውን ዘጋ። እህቱ የመጀመሪያውን ሻይ በመስኮቷ አስቀመጠችና «በል እንግዲህ፣ ወንድምዓለም» አለች። መናገር ከሕጉ ውጭ ነው፤ ግን ድምፅዋ ልመና ነበረበት።

ዝናቡ እውነትም ያምራል። ጠብታው ከጣሪያ ወደ አሸንዳ፣ ከአሸንዳ ወደ ቦይ ሲወርድ እየተከተሉ ማየት ይቻላል። ፖስተኛው ሲሮጥ የረጠበው ካፖርት ይከብደዋል። ዳኛው ሁሉንም፣ ዕቃ እንደሚረከብ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አየው፦ ዝናብ፣ አለ፤ ጥላ፣ አለ፤ ውሻ፣ አለ፣ ጅራቱም በደንብ ይወዛወዛል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል። የዳኛው ዓይን ግን ቁልጭ አድርጎ ያይ ነበር፤ ያየው ነገር ወደ ውስጥ አልገባ አለ እንጂ።

አርባ ደቂቃ ያህል ተጫውቶ የከተማው መግቢያ በር ላይ ደረሰ። ጃንጥላ የያዘች አንዲት አሮጊት ቆማለች። «ይህን ያህል ጊዜ የት ነበርክ?» አለችው። ከሥሯ ሦስት መልስ ተደረደረ፦ «መንገድ ጠፍቶኝ»፣ «ሥራ በዝቶብኝ»፣ «አንቺን ምን አገባሽ»። አንዱን ተጭኖ ማለፍ ነው። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። ሦስቱንም አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ የምትበቃ ትንሽ ፍላጎት በውስጡ ፈለገና አጣ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

እንዲሁ ተቀመጠ። ዝናቡ ይዘንባል፣ አሮጊቷ ትጠብቃለች፣ ሙዚቃው ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ሻዩን ረስቶት አይደለም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ እያየው ነው። ግን እጅ ዘርግቶ ማንሣት ትልቅ ሥራ ሆነበት፣ ደግሞስ ቢጠጣው ምን ሊሆን። ሻዩ ቀዘቀዘ። እህቱ ወስዳ በሰዓቱ ሌላ አመጣች፣ እሱም ቀዘቀዘ። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ፣ ሐሙስም። አንዳንዴ ዓይኑ ከስክሪኑ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ቆይቶ ይመለሳል፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት አላገኘም። አልከፋውም። ቢከፋው ጥሩ ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከደጅ ጩኸት ሰማ። መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ እህቱ ጣቷ በጠመኔ ነጭቶ ሰሌዳው ሥር ቆማለች። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቃል ተሞልቷል፦ ዘጠኝ።

«ዘጠኝ፣ ወንድምዓለም!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አንዱንም አልነካህም! አንዱንም!»

ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሻይ፤ ከዘጠኝ በላይ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልታየ ነገር ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ሁለት ሰዎች ሻይ የሚቀዘቅዘው በአንድ ምክንያት ብቻ ይመስላቸው ነበር። መንገደኛውም፣ ሰፈርተኛውም ሌላ ምክንያት ይኖራል ብሎ የጠየቀ የለም።

ያኔ መናገር ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ መጥታ ጨበጠችው፣ የዳቦ ፋብሪካው ሊጥ አቡኪ መጥቶ ጀርባውን ደበደበው፣ ሁሉም «እንኳን ደስ አለህ» አሉት፣ ጨዋታውን የሠራው እሱ ይመስል። እህቱ ትስቃለች። ከአሥር ወር ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም። ሆድ ይፍጀው አለና አፉን ዘጋ። ሹፌሩ ወረቀቱን የጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ዓርብ ዕለት ከበሩ እስከ አውቶቡሶቹ መዞሪያ ሰልፍ ሆነ። መጀመሪያ ወንበር ያገኘው ሊጥ አቡኪው ነው። ሁለት ሰዓት ተጫወተና «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ዘጠኝ ሻይ ነው እኮ!» አለችው አንዷ የባንክ ጸሐፊ።

ሊጥ አቡኪው ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ሲመጣ ሻይ አዘዘ፣ እግሩ ሥር አስቀመጠው፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀው። ይህን ያየ ሁሉ እንዲሁ አደረገ። እንደ ሰው አልገባውም ላለመባል ውኃ የጠማው ሰው ሻዩን እያየ ምራቁን ይውጣል። ቅዳሜ ቀትር ላይ የጌም ቤቱ ወለል በሙሉ ብርጭቆ ሆነ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ ሻይ የማፈላው ለቦይ ነው እንዴ!» ትላለች እህቱ የቀዘቀዘውን እየደፋች። ያልጣመው ሁሉ ጥፋቱ የራሱ መሰለው። ዳኛው ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም፤ ወሬ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ሰውን ከራሱ ያጣላል።

እውነቱን ለመናገር የወደዱትም ነበሩ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ አሮጊቷ ጃንጥላውን ለፖስተኛው ስትሰጠው «እናቴን መሰለችኝ» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዳኛው አጠገቧ ቆሞ አያት። ቀናባት እንዳይባል፣ ለመቅናትም የሚሰማ ልብ ያስፈልጋል። በማግስቱ እሑድ፣ ጌም ቤቱ ዝግ ሳለ፣ አሮጌውን አምስት ሻይ አውጥቶ ከፈተው። የሞተው ጨዋታው ነው ወይስ እኔ ነኝ፣ የሚለውን ለማወቅ ነው። የመብራት ቤቱ ጠባቂ ደረጃውን ወጣ፣ መብራቱን ለኮሰ፣ መርከቧ በጭጋጉ ውስጥ ታየች። ድሮ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። አሁን መርከቧን አያት። መርከብ ናት። አጠፋው።

ሰኞ ሹፌሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ትራስ ታቅፎ መጣ። ትራሱን ወንበር ቁጥር ሁለት ላይ አመቻችቶ «አሥራ አራት ቀን!» አለና ጣቶቹን አንቋቋ። ሰኞን ተጫወተ፣ ማክሰኞን ተጫወተ። ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ዳኛው ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፤ እንዳትስቅብኝ ግን።»

«አልስቅም» አለ ዳኛው። እውነቱን ነው።

«እኔ ምን ሆኛለሁ?»

«ምን ሆኑ?»

«አልያዘኝም። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም፤ የሰባት ዓመት ቆንጆ ግን አይደለም። ደብዳቤ አድርስ፣ በር አንኳኳ፣ ደብዳቤ አድርስ። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሰው ሳደርስ ነው የኖርኩት!» ሳቅ አለ፣ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ሻዬን ሦስት ጊዜ ጠጣሁት። ሰርቄ ነው የጠጣሁት፣ ፊቴን አዙሬ። ከዚያ ቤት ገብቼ ሳስብ አደርኩ። አምስት ሻይን ስጫወት እንዴት እንደነበርኩ ታውቃለህ፤ ሚስቴ እንኳ ታውቃለች። ዘጠኝ የተባለ ነገር ካልጣመኝ፣ እኔ ውስጥ የሞተ ነገር አለ ማለት ነው አልኩ። ልጆቹ ከቤት ከወጡ ወዲህ እንደሆነስ? እንዲህ ነው እንዴ የሚጀምረው?»

ፈገግ ለማለት ይሞክራል እንጂ ፈርቷል። መሪ ይዞ መቶ ሰው ጭኖ በዝናብ የሚነዳ ሰው፣ ወንበር ቁጥር ሁለት ላይ ትራስ ታቅፎ ፈርቷል።

ዳኛው ሹፌሩን አየው። ይህ ሰው ጤነኛ ነው። ጤነኛውን ሰው ታመሃል ያለው በር ላይ ያለው ቁጥር ነው። ዝም ካለው ሹፌሩ የቀረውን አሥራ አንድ ቀን ራሱን ሲመረምር ሊጨርሰው ነው። ከተናገረ ደግሞ እህቱ ከመስኮቷ ወዲያ ናት፤ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማል፣ እያጠበችም ታንጎራጉራለች። ያንን እንጉርጉሮ የሚያቆመው እሱ ሊሆን ነው።

«ጋሼ፣ የእኔን ሴቭ፣ ተጫውቼ ያቆምኩበትን፣ ይክፈቱት» አለ።

«የምን?»

«ዘጠኝ ያገኘሁበትን። ይክፈቱትና ይዩት።»

ሹፌሩ ከፈተው። ዝናቡ፣ በሩ፣ ጃንጥላ የያዘችው አሮጊት። «ይህን ያህል ጊዜ የት ነበርክ?» ትላለች።

«ይሄ መጀመሪያው እኮ ነው። እኔ ሰኞ ጧት አልፌዋለሁ። ሌላ የለህም?»

«የለኝም።»

ሹፌሩ መነጽሩን አውጥቶ ጥግ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ሃያ ሰባት ሰዓት ይላል።»

«አዎ።»

«ሃያ ሰባት ሰዓት እዚህ በር ላይ ነበርክ?»

«ተቀምጬ ነበር።»

«ሻዩስ?»

«አላሰኘኝም። ምንም አያሰኘኝም። እርስዎ ምንም አልሆኑም፣ ጋሼ። ጨዋታው አልጣመዎትም፣ በቃ፤ እንደ ማንኛውም ጨዋታ። የሞተ ነገር ያለው እኔ ውስጥ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ እንጉርጉሮውም የብርጭቆውም ድምፅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እህቱ እጇ እንደረጠበ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ወደ ስክሪኑ አየች፣ ወደ እሱ አየች።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ዘጠኙ ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሕጉን አፍርሼ አይቼሃለሁ። ማክሰኞ ሁለተኛውን ሻይ ሳስቀምጥ ነው ያየሁህ። ዓይንህ ግድግዳው ላይ ነበር። ረቡዕም አየሁ። ያቺ ሴትዮ እንደቆመች ናት፣ አንተም እንደተቀመጥክ።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደርቆም መጥረጓን አላቆመችም። «ምን ልጻፍ? ሰው ሁሉ መጥቶ እንኳን ደስ አለህ ሲልህ፣ ምናልባት ደስ ይልሃል ብዬ ነዋ። አባባ ሲሞት በርታ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት እንዳታለቅስ ክንድህን ይዤ። ማልቀስ ነበረብህ። መብላት ስታቆም ሻይ አበዛሁልህ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም እኮ።»

ይህን ሲሰማ ማልቀስ እንዳለበት ዳኛው ያውቃል። እህቱ ለእሱ ብላ ለሰፈር ሙሉ ሰው ዋሽታለች፣ ሃያ ዓመት የቆየውን ስማቸውን አሳልፋ ሰጥታለች፣ አሁንም ፊቱ ቆማ ሽርጧን ታሻለች። ዓይኗን አየ፣ የተሰነጣጠቁ እጆቿን አየ። እንደሚወዳት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የራሱን የቤት ቁጥር እንደሚያውቅ ነው።

«እትዬ» አለ፣ «አሁንም ምንም አልተሰማኝም። እያየሁሽ። ደህና አይደለሁም።»

አሥር ወር ሙሉ «ደህና ነህ?» ያለው ሰው ስንት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ለሁሉም «ደህና ነኝ» ብሏል። እህቱ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ትራሱን ብብቱ ሥር ከተተ። «ተነሥ» አለ።

«የት?»

«ሐኪም ቤት። የሃያ ሦስት ቁጥር መጨረሻው ላይ ነው። የሚስቴ እህት ልጇ የሞተባት ጊዜ እዚያ ነው የወሰድናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ሐኪም አለ። ሠላሳ ዓመት በሩ ላይ ሰው ሳወርድ ኖሬያለሁ፣ አንተንም አወርድሃለሁ።»

«ፈቃድዎ ላይ ነዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ! ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ምን ሥራ አለው? ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ፣ ጎንህ ነው የምቀመጠው።»

«ሰሌዳውስ? ሰዉ ይመጣል» አለ ዳኛው ወደ እህቱ ዞሮ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ አጠፋዋለሁ» አለች።

ነገ ሊል አሰበ። ግድ የለም ሊልም አሰበ። ሁለቱም ጉልበት ፈለጉበት። እህቱ ኮቱን ከሚስማሩ አውርዳ፣ ለልጅ እንደሚያዝ አድርጋ እጅጌውን ከፍታ ያዘችለት። አንድ እጁን አስገባ። ቆየት ብሎ ሁለተኛውን አስገባ።

«እሺ» አለ።